ስልቻው እስኪደርቅ፦ ለዓድዋ ትዕይንት የስንቅ መያዣ ስንሠራ የያዝኩት ማስታወሻ (ደሴ፣ 2017)

ጥር 5፣ ሰኞ

ዛሬ ተጀመረ። አምና የካቲት 23 የሰፈራችን ልጆች የዓድዋን ዘመቻ በትዕይንት ሲያሳዩ ጎፈሩም ጋሻውም ቀረርቶውም አምሮ ነበር፣ ስንቁ ጋ ሲደረስ ግን ልጆቹ የተሸከሙት ማዳበሪያ ነው፣ ያው የእህል ከረጢቱን ማለቴ ነው፣ ጣልያን ሆኖ የተሰለፈው ልጅ ደግሞ ከሱቅ የተገዛ የቱና ጣሳ ይዟል። ፒያሳ ዳር ቆመው ያዩ የነበሩ አንድ አባት "በማዳበሪያ ነው እንዴ ዓድዋ የተሄደው?" አሉ። አዝነው ነው ያሉት፣ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚ ዘንድሮ እቃውን እኔ ልያዝ አልኩ፣ ልጆቹም እሺ አሉ። የማስበው እንዲህ ነው፣ በኛ በኩል ሁለት ስልቻ (የፍየል ቆዳ ከረጢት)፣ አንድ ሁለት ቅል፣ ትንሽ የጨው አሞሌ፣ በጣልያን በኩል ደግሞ የሥጋ ጣሳና ደረቅ ብስኩት። ብዙ አይደለም ግን በትክክል መሠራት አለበት። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ከተዘረፈ ወዲህ ልጆቹን ወስጄ "ይሄውላችሁ ስልቻ ማለት ይሄ ነው" የምልበት ቦታ ጠቦኛል፣ ስለዚ ሠርተን ካላሳየናቸው ቃሉን ብቻ ነው የሚያውቁት።

ከሥራ በፊት ሰኞ ገበያ ወረድኩ። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ስልቻ አላገኘሁም። የጠየቅኳቸው ሰዎች አንዱ አቅማዳ ይለዋል፣ አንዱ ቀልቀሎ፣ አንዱ ስልቻ፣ ያው "ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ" ነው ነገሩ። አንድ ከኩታበር አካባቢ የሚመጡ ጠፍርና የበቅሎ እቃ የሚሸጡ ሽማግሌ ግን ቆም ብለው አዳመጡኝ። "አባባ ስልቻ ይሠሩልኛል?" ስላቸው "እኔ እንኳ ጉልበቴ ደክሟል፣ አንተ ትሠራለህ እኔ አሳይሃለሁ፣ ግን የተገዛ ቆዳ ይዘህ እንዳትመጣ" አሉኝ። ለምን ስላቸው ገበያ ላይ ያለው ቆዳ ሁሉ ሆዱ የተቀደደ ነው። ስልቻ ሆዱ አይቀደድም። ፍየሉ እንደ ሸሚዝ ነው የሚወልቀው። እኔ እስከዛሬ ተሰፍቶ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር!

ጥር 9፣ አርብ

ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ሰደቃ ነበር፣ ሙክት ፍየል ይታረዳል፣ ቆዳውን ስጡኝ ብዬ ቀደም ብዬ ለምኛለሁ። አባባም መጡልኝ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ስንወርድ ሚኒባስ ውስጥ "የዛሬ ገፋፊ ቢላ ሲይዝ ይቸኩላል" እያሉ ነበር፣ እና እውነታቸውን ነው፣ የአክስቴ ባል ካረዱ በኋላ ገፋፊው ወዲያው ሆዱ ላይ ሊተረትር ሲል አባባ እጁን ያዙት።

አገፋፈፉን እንዳየሁት ልጻፈው። ፍየሉ በኋላ እግሮቹ ይሰቀላል። ቢላ የሚነካው ከኋላ እግሮቹ መሃል ያለውን ብቻ ነው፣ ከአንዱ እግር ወደ ሌላኛው። ከዛ በኋላ ቢላ የለም፣ በጡጫ ነው። አውራ ጣትን ከውጭ አድርጎ ጡጫውን በቆዳና በሥጋው መሃል እየከተቱ እየገፉ ወደ ታች መጎተት። ፊት እግሮቹ ጋ ሲደርስ እንደ እጅጌ ይወጣል፣ ጉልበቱ ላይ ይቆረጣል፣ አንገቱ ጋ ሲደርስ በቃ ተገልብጦ ወለቀ። አንድ ቦታ ጎኑ ላይ ግን ገፋፊው ልማድ ሆኖበት ቢላ ነካ አደረገና የጥፍር ያክል ቀዳዳ ወጣ። አባባ ምንም አላሉም፣ ዝም ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ሁለተኛውን ፍየል ለብቻቸው ነው የገፈፉት፣ አንድም ቀዳዳ የለውም።

አክስቴ "ይሄን ሁሉ ለአንድ ቀን ሰልፍ?" አለችኝ። እማማ (የአባቴና የሷ እናት ማለት ነው፣ ነፍሷን ይማር) በልጅነቷ በሶ በስልቻ ተሸክማ ሐይቅ ገበያ ትሄድ እንደነበር የነገረችኝ እሷ ራሷ ናት፣ ስለዚ ጥያቄዋን እንደ ተቃውሞ አልወሰድኩትም።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ቆዳዎቹን ደሴ ይዤ መጣሁ፣ ይሄ ስህተት ነበር፣ ወደታች እጽፈዋለሁ።

ፀጉሩን ማስለቀቂያው እምቧይ ነው። በየመንገዱ ዳር ያለው ቢጫ ፍሬ፣ ልጆች ሆነን ኳስ አድርገን የምንጫወትበት። ሁለት ባልዲ ለቀምን፣ ወቀጥነው፣ ከውሃ ጋር አድርገን ቆዳው ውስጥም ውጭም ቀባነውና ጠቅልለን በሳፋ ከደንነው። እምቧይ መርዛም ነው ስለዚ ትንንሾቹን ልጆች አላስነካኋቸውም፣ እኔም ፕላስቲክ ጓንት አድርጌ ነው።

አንድ ጓደኛዬ "ኮምቦልቻ ቆዳ ፋብሪካ ባፍንጫህ ስር እያለ ለምን ትሰቃያለህ፣ የለፋ ቆዳ ግዛና ስፋው" አለኝ። በክሮም የለፋ ቆዳ ጠርዙ ሲቆረጥ ውስጡ ሰማያዊ ግራጫ ነው፣ ከሩቅ ባይታይም ልጆቹ በእጃቸው ይዘውት ነው የሚውሉት፣ ሽታውም አያያዙም ሌላ ነው። የቤት ቆዳ ጭስና ቅቤ ይሸታል። እና ደግሞ ፋብሪካ የሚገባው ቆዳ ሆዱ የተቀደደ ነው፣ ወደዛው ነው የሚመልሰን።

ጥር 18፣ እሁድ

ተበላሽቶ ነበር። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ጠዋት ጠዋት ግቢያችንን ይሞላዋል፣ ቆዳው አልደረቀም አልበሰበሰም መሃል ላይ ቆመ፣ ፀጉሩ አንዱ ጋ በእጅ ሲነካ ይረግፋል አንዱ ጋ ድርቅ ብሎ ይዟል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ሻጋታ። ሽታውን አልናገርም። ጎረቤቶቻችን ታጋሽ ናቸው እንጂ።

ለአባባ ደወልኩ። "ደሴ ላይ ምን ልትሠራ ወሰድከው? ቆላ አውርደው እንጂ! አብሽር አልሞተም፣ ዛሬውኑ አውርደው" አሉኝ። በሻንጣ ጠቅልዬ በመጀመሪያው መኪና ኮምቦልቻ። አክስቴ በሩ ላይ አፍንጫዋን ይዛ ተቀበለችኝ፣ ግን ግቢውን ለቀቀችልኝ። በሁለት ቀን ፀሐይ የደሴን የሳምንት ሥራ ሠራው። በደነዘ ቢላ ጭኔ ላይ ዘርግቼ ፋቅሁት፣ እሑድ ከሰዓት በሙሉ ፀጉር ስፍቅ ዋልኩ፣ ሻጋታው ላይ ላዩን ብቻ ነበር።

ስንቅ የሚዘጋጀው ለምን ከመንገዱ በፊት ብዙ ቀደም ብሎ እንደሆነ አሁን ገባኝ። ምኒልክ ክተቱን ያወጁት በመስከረም 1888 ነው፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ "ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ" የተባለው። ወረኢሉ ማለት እኮ እዚችው ከኛ ደቡብ ያለችው ናት። መስከረም ላይ አዋጁን የሰማ ሰው ስልቻ ከሌለው በዛ ጊዜ ውስጥ አርዶ፣ ገፎ፣ አልፍቶ፣ እህል ቆልቶ፣ አስፈጭቶ መድረስ አለበት፣ ያውም ክረምቱ ገና ሲወጣ መሬቱ እርጥብ ሆኖ። ማለት ስልቻ በየቤቱ ተሰቅሎ የሚጠብቅ እቃ ነበር ማለት ነው። ዘመቻው እንደሚመጣ ቤቱ ሁሌም ያውቃል።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ማልፋት። የተልባ ልቁጥና የጉሎ ዘይት፣ ከዛ መርገጥ። ሌላ ሚስጥር የለውም፣ እግር ነው። ቆዳውን መሬት ላይ አድርገን ሁለት ልጆች ተያይዘው እየረገጡ፣ እኔ እየገለበጥኩ፣ ሲደርቅ ትንሽ ጉሎ፣ እንደገና። አንዱ ልጅ ዘፈን ጀመረ ከዛ ሥራው ቀለለ። ማታ ላይ እንደ ካርቶን የነበረው እንደ ጨርቅ መታጠፍ ጀመረ። አባባ ጠርዙን በጥርሳቸው ነከስ አድርገው "ሁለት ቀን ቀርቶታል" አሉ። እውነትም ሁለት ቀን ፈጀ።

ከዛ በኋላ የኋላውን በጠፍር ሰፋነው። በወስፌ እየበሳን፣ ቆዳውን ሁለት ጊዜ አጥፈን ነው የተሰፋው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከታጠፈ ዱቄት በስፌቱ ያፈሳል። የእግሮቹ ጫፍ ይቋጠራል፣ አንገቱ አፍ ይሆናል። የፊት እግሩን ከኋላ እግሩ ጋር ስታስሩት ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ማንገቻ ይወጣዋል፣ ሌላ ማንገቻ አያስፈልግም። ይሄን ሳይ በጣም ደስ አለኝ፣ ምንም የተጨመረ ነገር የለም፣ ፍየሉ ራሱ ሻንጣ ሆነ።

ቀዳዳዋን ጠጠር ከውስጥ አድርገን በጅማት ዙሪያዋን አሰርናት። መጣፍ ትችላለህ ግን የተጣፈው ይላቀቃል፣ ጠጠር የታሰረባት ግን እህሉ በገፋት ቁጥር ትጠብቃለች አሉኝ አባባ። ጭድ ሞልተን ሰቀልናቸው።

ጥር 26፣ ሰኞ

ወደ ጣሳው። ይሄን ማንም አያስተውለውም ብለውኝ ነበር፣ እኔ ግን ከስልቻው እኩል ነው የማስበው፣ ምክንያቱም ልዩነቱ የሚታየው ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ነው። አንዱ ስንቁን ከቤቱ በሚስቱ እጅ ነው የያዘው፣ ሌላው ፋብሪካ ያሸገለትን በመርከብ አቋርጦ ምጽዋ ተራግፎ በግመልና በበቅሎ ወደ ላይ ተጭኖ ነው።

ዋናው ስህተት የዛሬ ጣሳ መጠቀም ነው። የዛሬ ጣሳ ከላይና ከታች ጠርዙ በማሽን ተጠቅልሎ ነው የሚዘጋው፣ ያ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1888 የነበረው ጣሳ በስታኞ (ቀልጦ ቆርቆሮን በሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) ነው የሚያያዘው። ጎኑ ተደራርቦ በስታኞ፣ ታቹ በስታኞ፣ የላይኛው ክዳን መሃል ላይ ደግሞ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይተዋል፣ ሥጋው በዛ ይገባል፣ ከዛ ክብ መክደኛ ተቀምጦ ዙሪያው ይታሸጋል፣ መክደኛዋ ላይ ደግሞ የመርፌ ያክል ቀዳዳ አለች፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ በሷ ይወጣል፣ መጨረሻ አንድ ጠብታ ስታኞ ጠብ ይደረግባትና አለቀ። ስለዚ የጥንት ጣሳ ከላይ ሲታይ ክብ ውስጥ ክብ፣ መሃሉ ላይ አንዲት የስታኞ እንብርት አለችው። ይቺ እንብርት ከሌለች የኛ ጣሳ የ1888 አይደለም።

አንድ ልጅ "የ1928ቱን ለምን አንሠራም፣ ደሴ የተደበደበችው ያኔ ነው" አለኝ። ሐቁን ነው፣ ኅዳር 26፣ 1928 የጣልያን አውሮፕላን ከተማዋን ደብድቧል፣ ንጉሡም እዚሁ ነበሩ፣ ሆስፒታሉም ተመቷል። ግን የዛ ዘመን ጣሳ ሌላ ነው፣ ሁለቱን ዘመን መቀላቀል አልፈልግም። እሱ ለራሱ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ለከርሞ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ቆርቆሮ ፍለጋ። የጣራ ቆርቆሮ አይሆንም፣ ዚንክ ስለተቀባ አበባ አበባ የሚል ብልጭታ አለው። የሚሆነው የኒዶ ጣሳ ነው። ገልብጠህ ሥዕሉን ወደ ውስጥ ታደርገዋለህ፣ ግን ሥዕሉ በኋላ ጣሳው ሲከፈት እንዳይታይ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አነሳሁት፣ ይሄ ብቻ ሁለት ምሽት ወሰደ። ሰፈሩ በሙሉ ባዶ ጣሳ አዋጣልኝ።

ሸርፍ ተራ አካባቢ የሚሠራ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አለ፣ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ሲሠራ የኖረ፣ ሥዕሉን ሳሳየው "ይሄማ የኩራዝ ሥራ ነው" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ክብ ቆርጠህ ጠርዙን በመዶሻ መለስ አድርገህ ሲሊንደሩ ላይ ማልበስ። ስታኞውን ግን እኔ ራሴ ልሞክር አልኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተጨመላለቁ፣ ስታኞው ኳስ ኳስ እየሆነ ይንከባለላል እንጂ አይይዝም። "ብረቱን ነው የምታሞቀው ስታኞውን አይደለም" አለኝ። የስታኞ ፓስታ (ማስያዣውን ቅባት) ቀባ፣ ቆርቆሮውን ራሱን አሙቅ፣ ከዛ ስታኞውን ነካ ስታደርገው እንደ ውሃ በስፌቱ ውስጥ ይሮጣል። ሦስተኛው ያዘ። ሲሮጥ ማየት እንዴት ደስ ይላል።

ስድስት ጣሳ ወጣ። ሁለቱን ባዶ አሸግናቸው፣ አራቱን አሸዋ ሞልተን ክብደት ሰጠናቸው። ማንም የሚበላ ነገር እንዳያስገባበት ለልጆቹ ደጋግሜ ነግሬያለሁ፣ ስታኞ ውስጥ እርሳስ አለ፣ መርዝ ነው።

ላዩ ላይ ጽሑፍ እንለጥፍ ወይ የሚል ክርክር ነበር። አልለጠፍንም። የጣልያንኛ ቃል ፈጥሬ ጽፌ ልጁ እውነት መስሎት እንዲይዘው አልፈልግም። እንዲሁም ኮምጣጤና ጨው ቀብተን ዝገት እናስመስል ያለ ነበር፣ እሱንም እምቢ አልኩ። በ1888 ያ ወታደር እጅ ላይ የነበረው ጣሳ አዲስ ነበር! ያረጀው በኛ ዓይን ነው። ለስልቻውም እንደዛው፣ ጥቀርሻ አንቀባውም፣ ከተጠቀምንበት ራሱ ያረጃል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ቅሉን በፍጥነት ልለፈው፣ ብዙ አልነበረውም። ደረቅ ቅል፣ አፉን መቁረጥ፣ ጠጠርና አመድ ከሙቅ ውሃ ጋር አድርጎ መነቅነቅ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ሦስት አራት ቀን ውሃ እየለወጡ። ጨው ከአፋር የሚመጣውን ቁራጭ ገበያ አገኘን፣ በመጋዝ አስተካክለን አሞሌ አስመሰልነው፣ የተራረፈውን አክስቴ ወጥ ላይ ጨመረችው።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ብስኩቱ። ጣልያኖቹ ጋሌታ የሚሉት ነው፣ ፈርኖ ዱቄትና ውሃ ብቻ፣ እርሾ የለው፣ ካሬ ተቆርጦ በምስማር ይበሳሳል፣ ካልበሳኸው ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ ውስጡ እርጥበት ይይዝና ይሻግታል። ሊጡ በጣም ደረቅ መሆን አለበት፣ እጄ እስኪዝል ነው ያሸሁት። ከቤታችን አጠገብ ያለው ዳቦ ቤት ማታ ሥራ ከጨረሱ በኋላ በቀረው ሙቀት አስገቡልኝ፣ እስከ ጠዋት አደረ። 40 ወጣ፣ 6 ተሰነጠቀ።

አንድ የቀድሞ ወታደር የሆነ ጎረቤታችን አንዱን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አደረገውና "እንዴ ኮቾሮ!" አለ፣ የወታደር ደረቅ ብስኩት ማለቱ ነው። ከዛ ዝም አለ። ቆይቶ በሻይ ነክሮ በላው፣ ሌላም ጠየቀ። እኔም ምንም አልጠየቅኩትም፣ አራት ጠቅልዬ ሰጠሁት።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

የሰማዕታት ቀን ነው፣ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ስልቻዎቹ ደርቀዋል። ጭዱን አራግፈን አክስቴ የቆላችውንና ያስፈጨችውን የገብስ በሶ ሞላንበት። ትልቁ ስልቻ ጢቅ ብሎ 11 ኪሎ ያዘ። በባቡር መንገድ አይደለ፣ በትከሻ ነው፣ እኔ ተሸክሜው እስከ ቦርከና ወንዝ ድልድይ ሄጄ ተመለስኩ፣ ቆዳው ጀርባ ላይ ይቀመጣል እንደ ማዳበሪያ አይጋጭም፣ ግን ከባድ ነው።

ከዛ ቁጭ ብለን አሰብነው። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ በሶ ቢበላ 11 ኪሎ 22 ቀን ነው። ከጥቅምት እኩሌታ እስከ የካቲት 23 ግን አራት ወር ካንድ ሳምንት አለ። ስልቻው አይበቃም! ከዛ ነው ሁላችንም ዝም ያልነው። የቀረውን ማን ተሸከመው? ሚስት፣ እህት፣ አሽከር፣ በቅሎ፣ አህያ፣ እና በየመንገዱ ያለው ገበሬ ጎተራ። ለአንድ ተዋጊ ከኋላው ስንት ሰው እንደነበር ስልቻውን ሞልተን እስክንመዝን ድረስ እኔ በቁጥር አስቤው አላውቅም። 100 ሺህ ገደማ ተዋጊ ማለት በዚህ ሒሳብ በቀን 50 ሺህ ኪሎ ነው፣ ያውም በሶ ብቻ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ዓድዋ የነበረው ሠራዊት ስንቁ እያለቀ ነበር። የጣልያኑ ጦር አዛዥ ባራቲዬሪም እንደዛው፣ የቀረው የጥቂት ቀን ቀለብ ነበር፣ እሱ ወደኋላ ማፈግፈግ ፈልጎ ጄኔራሎቹ ናቸው እንግጠም ያሉት። ሁለቱም የሚጠባበቁት የአንዱ ስልቻ ወይ የአንዱ ጣሳ ባዶ እስኪሆን ነበር።

ስለዚ ትዕይንቱን ቀየርነው። በፊት ስንቅ የሚሸከሙት ሁለት ልጆች ነበሩ፣ አሁን ለአንድ ጋሻ ያዥ ሦስት ስንቅ ተሸካሚ፣ ከነሱ ሁለቱ ሴቶች። ሴት ተማሪዎቹ አምና ዳር ቆመው እልል ይሉ ነበር፣ ዘንድሮ መሃል ናቸው።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ስልቻው ውስጥ ምን ይግባ የሚለው ላይ አንድ ነገር አገኘን። እኔ ቋንጣና በቅቤ የታሸ ጭኮ ልጨምር አስቤ ነበር። አክስቴ "የካቲት 23 ጾም አይደለም እንዴ የናንተ?" አለችኝ። ነው፣ ሁዳዴ ሰኞ ይገባል። የሷ ደግሞ ረመዳን ከሳምንት በኋላ። ከዛ ባሏ ስልኩ ላይ ያለውን የሂጅራ ቀን መቁጠሪያ ወደኋላ መመለስ ጀመረ፣ 1313 ሂጅራ ድረስ፣ እኔ ደግሞ ባሕረ ሐሳቡን ወረቀት ላይ እያወጣሁ። የዓድዋ ቀን፣ የካቲት 23፣ 1888፣ እሁድ፣ ሁዳዴ ውስጥ ነው። ረመዳንም ውስጥ ነው፣ አጋማሹ አካባቢ። ሁለቱም!

ሁለታችንም ደግመን ቆጠርነው። ዘንድሮም እሁድ ነው፣ ዘንድሮም ሁለቱም ጾም ውስጥ ነው።

እንግዲህ ራስ ሚካኤል ይዘውት የሄዱት የወሎ ጦር ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። በመንገድ በዘመቻ ላይ የበላም የጾመም ይኖራል፣ እሱን እያንዳንዱ ከፈጣሪው ጋር ያውቃል። ስንቅ ያዘጋጀችው ሴት ግን ታኅሣሥ ጥር እንደሚያልፍና ሁዳዴ መንገድ ላይ እንደሚይዛቸው ታውቃለች። ስለዚ ቋንጣውን ተውኩት። ስልቻው ውስጥ የሚገባው በሶ ነው፣ ያለ ቅቤ፣ ጨው ብቻ። ያኛውም ይበላዋል ያኛውም ይበላዋል።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

የረመዳን አንደኛ ቀን። ማታ እቃውን ሁሉ ደሴ ሰበሰብን፣ እኛ ቤት ሳሎን ወለሉ ላይ ደረደርነው። ሁለት ስልቻ፣ ሁለት ቅል፣ ሦስት አሞሌ፣ ስድስት ጣሳ፣ 30 ብስኩት። ትንሹ ስልቻ የእግሩ ቋጠሮ ላልቶ ትንሽ በሶ ምንጣፉ ላይ አፍስሷል፣ እንደገና አሰርነው፣ በዚህ ጊዜ ጠፍሩን አርጥበን ነው ያሰርነው፣ ሲደርቅ ይጠብቃል። እናቴ ምንጣፉን እያራገፈች "ሽታው የእማማን ቤት መሰለኝ" አለች።

የካቲት 23፣ እሁድ

ከፒያሳ ወደ ሆጤ ነው የሄድነው። ጉም ነበር ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ገለጠ። አባባ ከኩታበር በሌሊት ተነስተው መጥተዋል። ስልቻውን የተሸከመችው ልጅ መንገዱን በሙሉ አላወረደችውም፣ እንቀበልሽ ስንላት እምቢ አለች፣ 11 ኪሎውን እንዳለ። ጣሳው ጋ ሰው ተሰብስቦ ነበር፣ ልጆቹ እየተቀባበሉ እንብርቷን እያሳዩ ያስረዱ ነበር፣ አንድ አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር ሆነው ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ስልቻውን በአንዱ ጣሳውን በአንዱ፣ ቆዩ።

የአምናውን አባት ፈለግኳቸው። አላየኋቸውም። ሰው ጠየቅኩ፣ በጤና እንዳሉ ነገሩኝ፣ እግራቸውን አሟቸው ቤት ናቸው። ሳምንት ስልቻውን ይዤ እሄዳለሁ።

ቀኑን ሙሉ ማንም ምንም አልቀመሰም፣ ግማሹ ረመዳን ነው፣ ግማሹም ከቅዳሴ መጥቶ እዛው ቆይቷል። ማታ አክስቴና ባሏ ከኮምቦልቻ መጥተው ስለነበር ልጆቹ፣ አባባ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩም፣ እኛ ግቢ ተሰበሰብን። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ አዛን ሲል አክስቴ የትልቁን ስልቻ አፍ ፈታችው፣ በሶውን በገበታ ላይ አፍስሳ በውሃ ጭብጦ እያደረገች ለሁሉም በእጁ በእጁ ሰጠች። ስልቻው ሲጎድል ጎኑ ላይ ያለችው የጠጠር ቋጠሮ ወጣች፣ አልላላችም።